ቶሎ ይፈላል፣ ዘግይቶ ይጣፍጣል

ሮቤ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት። ብርዱ ገና አልለቀቀም። መናኸሪያው አካባቢ ያሉት ሻይ ቤቶች በራቸውን ገርበብ አድርገዋል፤ ከሰል ላይ የተጣደው ማንቆርቆሪያ ክዳኑን እያንቀጫቀጨ እንፋሎት ይተፋል። ጋቢውን እስከ አፍንጫው የተከናነበ ሾፌር፣ ወደ ገበያ የምትወርድ ቅቤ ነጋዴ፣ ደብተሩን በብብቱ የያዘ የመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ አንድ አግዳሚ ወንበር ተጋርተው ተቀምጠዋል። «ሻይ በወተት» ይላል አንዱ። ብርጭቆው ሲመጣ ስኳሩ ቀድሞ ገብቷል፤ ሥሩ ላይ ተኝቶ ይታያል። «ስንት ላድርግልህ?» ብሎ የጠየቀ የለም። ሦስት የሻይ ማንኪያ የተለመደ ነው፤ አራትም ነውር የለውም።

ይህ ብርጭቆ በመሠረቱ ጥሩ ነገር ነው። ወተቱ ምግብ ነው፣ ቅመሙ ያሞቃል፣ ሻዩ ያነቃል። የሚያበላሸው ስኳሩ ነው። ስኳሩ የሚበዛውም ሰው ስኳር ወዳድ ስለሆነ ብቻ አይመስለኝም። ጣዕም ከሌላ ቦታ ስላልመጣ ነው፤ ቅመሙ ጊዜ አላገኘም፣ ወተቱ ቀጥኗል፣ ሻዩም ወይ አልወጣም ወይ መርሯል። የጎደለውን ሁሉ ስኳር ይሸፍነዋል። ቤት ውስጥ በትዕግሥት የተፈላ የቅመም ሻይ በወተት ግን ግማሹን ስኳር ሳይፈልግ ይጣፍጣል። በባሌ ደጋ ይህን ለማድረግ መጀመሪያ የአገሩን ከፍታ መረዳት ያስፈልጋል።

ባሌ ደጋ ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አይደለም። ከፍታ በጨመረ ቁጥር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ውሃው ወደ እንፋሎት ለመለወጥ የሚያስፈልገው ሙቀትም ዝቅ ይላል፤ በግምት በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ። ሮቤ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ማንቆርቆሪያው በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ከሮቤ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደ ተራራው የተጠጋችው ጎባ ከ2,700 ሜትር ታልፋለች፤ እዚያ 91 ነው። ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ ሳነቴ አምባ ላይ ከ4,000 ሜትር በላይ ሲወጣ ደግሞ መፍያው ወደ 87 ዲግሪ ይወርዳል። ቱሉ ዲምቱ አናት ላይ፣ በ4,377 ሜትር፣ ከዚያም ያንሳል።

ከቆላ ተድራ ጎባ የገባች ሴት ይህን ያለ ቴርሞሜትር ታውቀዋለች። የባቄላ ንፍሮዋ እናቷ ቤት ከሚፈጅበት ጊዜ በላይ ይፈጃል፤ ውሃው እየተንፈቀፈቀ እህሉ ግን ጠንክሮ ይቀራል። እሳቱን ማብዛት አይረዳም፤ የፈላ ውሃ እሳት ቢጨመርበት ቶሎ ይተናል እንጂ አይሞቅም። የሚረዳው ክዳንና ጊዜ ነው። ሻይም እንደዚሁ ነው። የሻይ ቅጠል ቀለሙንና ጣዕሙን አሟጦ የሚሰጠው ለ100 ዲግሪ በተጠጋ ውሃ ውስጥ ነው፤ ቀረፋና ቅርንፉድም ጠንካራ ቅርፊትና እምቡጥ ስለሆኑ በዝግታ ነው የሚለቁት። ውሃው «ፈላ» ተብሎ ወዲያው ከእሳት ሲነሳ ቅመሙ መዓዛውን እንጂ ጣዕሙን አልሰጠም። ሻይ ቤቱ ይህን ማድረጉ አያስወቅሰውም፤ ሰው ቆሞ ይጠብቃል፣ አውቶቡሱ ይነሳል። ቤት ውስጥ ግን የሚያጣድፍ የለም።

ቅመሙ ራሱ የረጅም መንገድ እንግዳ ነው። ሮቤ ገበያ ላይ በትንንሽ ላስቲክ ተቋጥሮ የሚሸጠው የሻይ ቅመም አብዛኛውን ጊዜ ቀረፋ፣ ቅርንፉድና ሄል ነው። ሄሉና ቅርንፉዱ ባሕር ተሻግረው የመጡ ናቸው፤ ቅርንፉድ ከኢንዶኔዥያ የሞሉካ ደሴቶች ተነስቶ በዛንዚባር በኩል ምሥራቅ አፍሪካን ያዳረሰ እምቡጥ ነው። ኮረሪማ ደግሞ ከደቡብ ምዕራቡ ጫካ ነው። የሻይ ቅጠሉም ከከፋው ውሽውሽና ከኢሉባቦሩ ጉማሮ እርሻ አገር አቋርጦ ይመጣል። ባሌ የራሱ የሆነ ምን ያዋጣል ቢባል፣ ወተቱንና የሐረና ጫካን ማር፣ ከደጋው ሜዳ ጦስኝ፣ ከጎሮና ከጊኒር በኩል ደግሞ ድንብላልና ጥቁር አዝሙድ። ድንብላልን በሻይ ውስጥ የሚያስብ ሰው ብዙ አላየሁም፤ ግን አንድ ቁንጥር ፍሬ ምጣድ ላይ ለአፍታ ሞቅ ተደርጎ፣ ተሰንጥቆ ሲገባበት የብርቱካን ልጣጭ የመሰለ ለስላሳ መዓዛ ይሰጣል። ዋጋውም ከሄል ጋር አይነጻጸርም። ጥቁር አዝሙድ ግን ለዚህ ሻይ አይሆንም፤ ይመራል፣ ወተቱንም ይጫነዋል።

ወተት ላይ ቆም እንበል፤ የዚህ መጠጥ ልቡ እሱ ነውና።

ባሌ የከብት አገር ነው። ጎዳንቱ በሚባለው ነባር የአረባብ ልማድ እረኞች እንደ ወቅቱ ከብቶቻቸውን ከዝቅተኛው ሜዳ ወደ ደጋው ግጦሽ፣ ከደጋውም መልሰው ወደ ታች ይነዳሉ፤ ሆራ በሚባሉት የማዕድን ምንጮችም ያጠጧቸዋል። ወተቱ ከዝናቡ ጋር ይበዛል፣ ከበጋው ጋር ያንሳል። የአገሩ ላም የምትሰጠው ወተት በሊትር ጥቂት ነው፤ በቅባት ግን ከፈረንጅ ላም ወተት ይወፍራል። ለዚህ ሻይ የሚፈለገውም ይኸው ውፍረት ነው። ቅባቱ የቅመሙን ዘይት ይይዛል፤ ኬዚን የሚባለው የወተት ፕሮቲን ደግሞ ምላስን የሚያጣብቀውን የሻይ ታኒን ይዞ ምሬቱን ያለዝባል። ሻይ በወተት ሲጠጣ ስኳር ሳይጨመርበትም የሚለሰልሰው በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላም አለ። ወተት የራሱ ስኳር አለው። 100 ሚሊ ሊትር ወተት ውስጥ 5 ግራም ያህል ላክቶስ ይገኛል። ላክቶስ ከገበያው ስኳር በጣም ያነሰ ጣፋጭነት ስላለው በቀዝቃዛ ወተት ብዙም አይታወቅም፤ ወተቱ በዝግታ ፈልቶ ውሃው ሲቀንስ ግን ምላስ ይለየዋል። ውሃ የተቀላቀለበት ወተት ይህን ሁሉ ያሳጣል። በሊትር ረከስ ያለ ቀጭን ወተት ገዝቶ በስኳር ማካካስ መጨረሻ ላይ በዋጋም በጤናም ይከብዳል።

የገጠሩ ባለወተት እቃውን በወይራ ጭስ ያጥናል። ፍሙ ውስጡ ተገላብጦ፣ ተራግፎ፣ ተወልውሎ ወተቱ ሲቀዳበት መዓዛው ከሌላ ምንም ጋር አይምታታም። ጭሱ ተዋሲያንን ይቀንሳል፤ ወተቱም ቶሎ አይበላሽም። የታጠነ ወተት ለሚጠጣ ሰው ሻዩ ውስጥ ቅርንፉድ ማብዛት አያስፈልገውም፤ ሁለቱ መዓዛዎች ይጋፋሉ። ነገር ግን ማጠን ማፍላትን አይተካም። በአገራችን የከብት ሳንባ ነቀርሳና ብሩሴሎሲስ በጥሬ ወተት ወደ ሰው የሚተላለፉ በሽታዎች ናቸው፤ «ጥሬው ኃይል ይሰጣል» የሚለው እምነትም ብዙ ሰው ለከረመ ትኩሳትና ለመገጣጠሚያ ሕመም ዳርጓል። እዚህ ላይ የባሌ ከፍታ አያሰጋም። ወተትን ከጀርም ለማጽዳት በ72 ዲግሪ 15 ሴኮንድ ይበቃል፤ ሮቤ ላይ ተንተክትኮ የወጣ ወተት ከዚያ እጅግ ያለፈ ነው። ሻይ በወተት ከጥሬ ወተት የሚሻልበት አንዱ ትልቅ ምክንያት መፍላቱ ራሱ ነው፤ ይህ ለልጆችም ለነፍሰ ጡሮችም ቀላል ነገር አይደለም።

እንግዲህ አፈላሉ። ለአራት ብርጭቆ ሁለት ብርጭቆ ተኩል ውሃ ይጣዳል። ውሃው ገና ቀዝቃዛ ሳለ የትንሿን ጣት ግማሽ የሚያህል ቀረፋ፣ ሦስት ቅርንፉድና የአውራ ጣት አንጓ የሚያህል የተቀጠቀጠ ዝንጅብል ይገባበታል። ኮረሪማው ከልባሱ ወጥቶ ፍሬው በሙቀጫ ሰንጠቅ ይደረጋል፤ አንዱ ራስ ይበቃል። ዱቄት እስኪሆን መውቀጥ አያስፈልግም። የላመ ቅመም ከማጥለያው ያመልጣል፣ የብርጭቆው ሥር አሸዋ ይሆናል፤ አስቀድሞ ተፈጭቶ የሚሸጠው ደግሞ መዓዛው መንገድ ላይ አልቋል። ከዚያ ክዳን። ቆላ ላይ አሥር ደቂቃ የሚበቃው ሮቤና ጎባ ላይ አሥራ አምስት ይፈልጋል፤ እሳቱ ዝግ ያለ ይሁን። ውሃው ወርቃማ ሆኖ የቀረፋው ጣዕም ምላስ ላይ ሲቀር ደርሷል።

ዝንጅብሉ ከወተቱ በፊት በውሃ መፍላት ያለበት በቂ ምክንያት ስላለው ነው። ጥሬ ዝንጅብል ፕሮቲን የሚሰብር ኢንዛይም ይዟል፤ ሞቅ ካለ ወተት ጋር ሲገናኝ ወተቱን ያረጋዋል። በቻይናዋ ጓንግዶንግ ይህንኑ ጠባይ ተጠቅመው ጣፋጭ እርጎ የመሰለ ምግብ ይሠሩበታል። ሻይ ለሚያፈላ ሰው ግን ኪሳራ ነው፤ ብዙ ሰው «ወተቱ ተበላሽቶ ነበር» ብሎ ባለወተቷን የሚወቅሰው ጥፋቱ የዝንጅብሉ ሆኖ ሳለ ነው። ለተወሰኑ ደቂቃዎች የፈላ ዝንጅብል ግን ኢንዛይሙ ስለሚሞት ወተት አያረጋም።

ቅመሙ ከወጣ በኋላ ሁለት የሻይ ማንኪያ ቅጠል ይጨመርና ሦስት፣ አራት ደቂቃ ይፈላል። ከዚያ ሁለት ብርጭቆ ወተት። ወተቱ ሲወጣ እሳቱን ዝቅ፣ ሲወርድ መልሶ ከፍ፤ ይህን ሁለቴ ሦስቴ እያደረጉ አምስት ደቂቃ ያህል ማማሰል ነው። ጣዕሙን የሚያዋህደው ይህ መውጣትና መውረድ ነው። በጣት ጫፍ የተቆነጠረ ጨው ብትጨመርበት ምሬቱን ትቀንሳለች፤ በሐረር በኩል ከቡና ገለባና ከወተት የሚፈላውን ሆጃ በጨው የሚጠጡ ሰዎች ይህን ከማንም በፊት ያውቁታል።

ሕንዶችም ወደዚህ መጠጥ የገቡት በቁጠባ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የሻይ ኩባንያዎች ሻይን ለአገሬው ለማስለመድ ሲደክሙ፣ የመንገድ ላይ ሻጮች ውዱን ቅጠል ቀንሰው ወተትና ቅመም አበዙበት፤ ኩባንያዎቹ ባይወዱትም ሕዝቡ ወደደው። በሶማሌ በኩል ያለው ጎረቤታችንም ሻሁን በሄል፣ በቀረፋና በቅርንፉድ ያፈላል። ያኔ ሕንድ ውስጥ ዋጋው የከበደው ቅጠሉ ነበር። እኛ ዘንድ ከቀበሌ ሱቅ ሰልፍ ጀምሮ ዋጋው ሲያስጨንቀን የኖረው ስኳር ነው፤ ስለዚህ ስኳሩን በቅመም መቆጠብ ለኪስም የሚገባ ነገር ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ አንድ ሰው በቀን የሚወስደው ተጨማሪ ስኳር ከጠቅላላ ኃይል ሰጪ ምግቡ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ከ5 በመቶ እንዲያንስ መክሯል። ሁለተኛው ልክ ለአንድ አዋቂ 25 ግራም ገደማ፣ ማለትም ስድስት የሻይ ማንኪያ ነው። አንድ ማንኪያ 4 ግራም ያህል ስለሚይዝ፣ ሦስት ማንኪያ የገባበትን ሻይ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ የሚጠጣ ሰው 36 ግራም ወስዷል፤ ለስላሳው፣ ብስኩቱና የልደት ኬኩ ሳይቆጠር። አንዳንድ ቤት «ጤናማ» ተብሎ የሚገዛው፣ ወተቱም ስኳሩም ቅመሙም አንድ ላይ የታሸገበት ዱቄት ደግሞ ከዚህ አያድንም። የማሸጊያው ጀርባ ይነበብ፤ ግብዓቶች የሚዘረዘሩት ከብዙው ወደ ጥቂቱ ነው። መጀመሪያ የተጻፈው ስኳር ከሆነ የተገዛው ስኳር ነው።

ማርስ? የሐረና ንቦች ማር ድንቅ ነው። ገበሬው ቀፎውን ረጃጅም ዛፍ ላይ ሰቅሎ፣ ሌሊት በገመድ ወጥቶ ይቆርጠዋል። ነገር ግን ማር በሰውነት ውስጥ ስኳር ነው፤ መመሪያውም ለብቻ አይቆጥረውም። ጥቅሙ መዓዛው ስለሚጣፍጥ አንድ ማንኪያው የሁለትን ሥራ መሥራቱ ነው። ሻዩ ከእሳት ወርዶ፣ ለመጠጣት በሚመች ሙቀት ላይ ሲሆን ይጨመር፤ ሲፈላ ከገባ መዓዛው ይጠፋል። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር በምንም መልክ አይሰጥም፤ አንጀቱ ገና ያልጠነከረ ሕፃን በማር ውስጥ ሊኖር የሚችለውን የቦቱሊዝም ጀርም መቋቋም አይችልም።

ስኳርን በአንድ ቀን ከሦስት ወደ ዜሮ ማውረድ ቤተሰብን ያስኮርፋል። ለባለቤትም ለልጅም ሳይነገር ግማሽ ማንኪያ መቀነስ፣ ምላስ ሲለምደው እንደገና ግማሽ መቀነስ ይሻላል። ምላስ በሳምንታት ውስጥ ይለምዳል። ቀረፋ እዚህ ላይ ትልቅ አጋዥ ነው፤ አፍንጫችን ቀረፋን ከጣፋጭ ነገር ጋር ስላቆራኘው፣ ሽታው ብቻውን ጣፋጭ የበላን ያህል ያሰማናል። ግን ቀረፋም ልክ አለው። ወፍራምና ሻካራ ቅርፊት ያለው ካሲያ የሚባለው ዓይነት ኩማሪን የተባለ፣ በብዛት ሲወሰድ ጉበት የሚጎዳ ንጥረ ነገር ይዟል። በሻይ ውስጥ እንጨቱን ማፍላት አያሰጋም፤ በየቀኑ ዱቄቱን በማንኪያ መዋጥ ግን ሌላ ነገር ነው። እንደ ወረቀት ስስ ሆኖ ብዙ ጊዜ የተጠቀለለው የሲሎን ቀረፋ ኩማሪኑ እጅግ ያነሰ ነው።

በጣም የምወደው የዚህ ሻይ ክፍል ጦስኝ ነው፤ ባሌን ከሌላው አገር ሻይ የሚለየውም እሱ ነው። ከዲንሾ ጀምሮ ባለው ሜዳማ ደጋ፣ ድንጋይ ተጠግቶ መሬት ለመሬት የሚበቅል ትንሽ ተክል ነው፤ ሲረገጥ ይሸታል። ሳይንሱ ቲመስ ሺምፔሪ ይለዋል፤ ከኢትዮጵያ ደጋ ውጭ የማይገኝ ነው። ሽታውን የሚሰጡት ቲሞልና ካርቫክሮል የተባሉ ንጥረ ነገሮች ናቸው፤ ሁለቱም በቶሎ ይተናሉ። ስለዚህ ከቀረፋው ጋር አሥራ አምስት ደቂቃ ማፍላት ጦስኙን መግደል ነው። ሻዩ ከእሳት ከወረደ በኋላ አንድ ቁንጥር ተጥሎበት ይከደን፣ ሦስት ደቂቃ ይቆይ፣ ይጠለል። ጦስኝ የገባበት ሻይ ላይ ሄል ባይጨመር ይመረጣል።

ጦስኝ ለደም ግፊት ፍቱን ነው ተብሎ በብዙ ቤት ይጠጣል። በእንስሳት ላይ የተደረጉ ጥናቶች ግፊት የመቀነስ ጠባይ አሳይተዋል፤ ያ ግን የታዘዘ መድኃኒት አቋርጦ ጦስኝ ለመጠጣት ምክንያት አይሆንም። መድኃኒቱን እየወሰዱ ሻዩን መጠጣት ይቻላል፤ ለሐኪም መንገር ደግሞ ደግ ነው። ሌላው የሚያሳስበኝ አቆራረጡ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 በተቋቋመውና በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት በተመዘገበው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዙሪያ ከሥሩ እየተነቀለ የሚሸጥ ጦስኝ ነገ የለውም። ገበያ ላይ እሽጉን ሲያነሱ ሥርና አፈር ካለበት «ከላዩ የተቆረጠ የለሽም?» ብሎ መጠየቅ ነጋዴዋን ያስለምዳል። ሥሩ ከቀረ ይመለሳል።

ሻዩ ምን ሰዓት ይጠጣ የሚለው ከምን ተሠራ ከሚለው አያንስም። ምሳ እንደተበላ፣ እጅ ሳይደርቅ ሻይ ማቅረብ የእንግዳ ተቀባይነት ወግ ነው። ነገር ግን በሻይ ያሉት ፖሊፊኖል የተባሉ ንጥረ ነገሮች ከእንጀራው፣ ከምስሩና ከጎመኑ የሚገኘውን ብረት ይዘው ሰውነት እንዳይወስደው ያደርጋሉ፤ ወተት መጨመሩም ይህን አያስወግደውም። እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው አገራዊ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 57 በመቶው፣ በመውለጃ ዕድሜ ካሉ ሴቶች 24 በመቶው ደም ማነስ እንዳለባቸው አግኝቷል። ከምግብ አንድ ሰዓት ቆይቶ መጠጣት ጉዳቱን በእጅጉ ይቀንሰዋል። ነፍሰ ጡር ላለችበት ቤት የዚህን ሻይ ቦታ ከአሥር ሰዓት መክሰስ ጋር ማድረግ ጥሩ ነው፤ የብረት እንክብሏንም በሻይ አትዋጠው። ለትንንሽ ልጆች ቅጠሉ ቢቀርና ወተቱ ቀድሞ በውሃ ከፈላው ቅመም ጋር ብቻ ቢፈላላቸው ይሻላል። ወተት ሆዱን የሚነፋው አዋቂም አለ፤ ላክቶስ አልስማማ ብሎት ነውና መጠኑን ይቀንስ፣ ወይም ከታች ወዳለው የአጃ ወተት ይለፍ።

በረመዳን ማታ ከጾም መፍቻው በኋላ ይህ ሻይ ቤቱን ያሞቃል። በሑዳዴና በረቡዕ ዓርብ ወተት ለሚተው የጎባና የሮቤ ክርስቲያን ደግሞ የባሌ ማሳ መልስ አለው፤ አጃ። አንድ እፍኝ የተፈተገ አጃ በቀዝቃዛ ውሃ ግማሽ ሰዓት ይዘፈዘፍና ይፈጫል፣ በነጠላ ጨርቅ ይጠለላል። ጨርቁን አጥብቆ መጭመቅ አያስፈልግም፤ ንፍጥ የመሰለው ስታርች ከወጣ ሻዩ አጥሚት ይሆናል። እንደ ላም ወተት ረጅም ጊዜ አይፈላም። ቅመሙና ቅጠሉ በውሃ ወጥተው ካለቁ በኋላ መጨረሻ ላይ ይጨመርና እየተማሰለ አንዴ ፈላ ሲል ይወርዳል። የሱፍ ወተት የለመደ ቤት እሱን ማድረግ ይችላል፤ መዓዛው ግን ከኮረሪማ ጋር እንጂ ከጦስኝ ጋር አይስማማም።